በሐረግ አምባ እንግዳ ለምን ዓይኑን ይጨፍናል

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ዳገቱ ወደ ውሃው በሚወርድበት በኩል፣ ሐረግ አምባ የምትባል የወይን መንደር አለች። ከላይ ከመንገዱ ቆሞ ለሚያያት ከቤቶቿ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው የወይኑ ዳስ ነው፤ በወይራ ባላ ላይ የተጋደመው ሐረግ ከጓሮ ወደ ጓሮ እየተሻገረ እስከ ታች ይወርዳል፣ ከሐይቁ የሚነሣው ጉም ሲሸፍነው ደግሞ መንደሯ ያለችም የሌለችም ትመስላለች። ሰዎቿ እንግዳ ይወዳሉ። ነገር ግን ደክሞት የወረደ መንገደኛ «ማደሪያ የት አገኛለሁ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጡት መልስ ሰውን ያናድዳል። «መኝታው ላይ ቤት ነው፤ እራቱ መካከል ቤት ነው፤ ወይኑ ታች ቤት ነው» ይሉታል።

ሁሉን ባንድ ቤት የሚያቀርብ የለም። አንድ ከከተማ የመጣ ባለሀብት አልጋውንም ምግቡንም መጠጡንም ባንድ ጣሪያ ሥር አሰናድቶ ነበር ይባላል፤ መንደርተኛው አልተቃወመውም፣ በሩ ላይ እያለፈ በትሕትና ሰላም ይለዋል፣ እንግዳ ግን አንድ እንኳ ወደሱ አይመራለትም። ዛሬ እሱም አልጋ ብቻ ነው የሚያከራየው፤ እራት የጠየቀውን ሰው እንደ ሌሎቹ መንደርተኞች መካከል ቤት ይልከዋል።

እንግዳው ታች ቤት ወይኑን ጠጥቶ ወደ መኝታው የሚመለሰውም እንደ አመጣጡ አይደለም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሁለት ሰዎች ይመጡና ግራና ቀኝ እጁን ይዘው «ዓይንዎን ይጨፍኑ» ይሉታል። እነዚህን ሁለት ሰዎች መንደሩ «ዓይን» ብሎ ይጠራቸዋል። እንግዳው በእነሱ እየተመራ፣ በወይኑ ሥር፣ ዳገቱን ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ ጣቱን ከአንድ ወፍራም ግንድ ጠባሳ ላይ ያሳርፉለታል። ጠባሳው በመቀነት የታሰረ ነው። ነገሩ ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ ሽማግሌዎቹ አይነፍጉትም፤ ቁጭ በል ይሉታል እንጂ ቶሎ እንጨርሳለን አይሉትም።

እንደሚነገረው፣ ነገሥታቱ ጎንደር ላይ በነበሩበት ዘመን ይህ ዳገት በሙሉ ቢሻው የሚባል የአንድ ሰው ርስት ነበር። ቢሻው በሐይቁ ውስጥ ካለ አንድ ገዳም የወይን ቅርንጫፍ በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ አምጥቶ ከቤቱ ጓሮ ተከላት። ወይኗ ሥሯን ላይ ትታ ፀሐይ ፍለጋ ቁልቁል ተሳበች አሉ፤ ግንዷ በመካከሉ መሬት በባላ ላይ ተጋድሞ አለፈ፣ ዘለላዋ ግን የሚንዠረገገው ታች፣ የሐይቁ ነፋስ በሚደርስበት ቦታ ብቻ ሆነ። ቢሻው ሦስት ልጆቹን በዚህች አንዲት ወይን አሳደገ። ማታ ማታ በዳሱ ሥር ይዟቸው ሲወጣና ሲወርድ ይታይ ነበር ይባላል።

ቢሻው ሲሞት ልጆቹ ርስቱን ዕጣ ጥለው ተካፈሉ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ እኩል እንካፈል ብለው ከአንድ ሙሉ ቤት ሦስት ጎደሎ ቤት አወጡ። የበኩሩ ደምለው የአባቱ እልፍኝ ከነአልጋው፣ የወይኑ ሥር ካለበት ጓሮ ጋር ደረሰው። እኅቱ እንኮዬ ጎተራውና ማድ ቤቱ፣ ግንዱ ከሚያልፍበት መሬት ጋር ደረሳት። ታናሹ ጫኔ ደግሞ የወይን መጥመቂያው ቤት ከነጋኖቹ፣ ዘለላው ከሚንዠረገግበት መሬት ጋር ደረሰው። ዕጣውን የጣሉላቸው ሰዎች ሥራቸውን አሳምረው ተመርቀው ሄዱ።

በመጀመሪያው ዓመት ጫኔ ፍሬውን ለቅሞ ጠመቀና ለማንም አላቀመሰም። «ያፈራው በኔ ዕጣ ላይ ነው» አለ። እንኮዬ «ባላውን ብነቅለው ወይንህ የት ይደርስ ነበር?» አለች። ደምለው «ሥሩ የኔ ነው» ብቻ አለ፤ ንግግር የሚያበዛ ሰው አልነበረም። በአባታቸው ተዝካር ዕለት ሦስት ቦታ ተቀመጡ፣ ያንኑ ቀን አንዱ የሌላውን አጥር ላያልፍ፣ አንዱም ሌላውን ላያናግር በመቃብሩ ላይ ማሉ። በዚያ ዓመት ሦስቱም በአንድ ቃል የተስማሙበት ነገር ይህ መሐላ ብቻ ነበር።

ደምለው ሚስቱ የሞተችበት፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። ከአባቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቆሎውን እየቆረጠመ ከታች የጫኔን ቤት ጭስ ያያል። የአባቱ ወይን ጣዕም ናፈቀው፤ ከወይኑም ይበልጥ አብረውት ይጠጡ የነበሩት ሰዎች ናፈቁት፤ ይህን ግን ለራሱም አይነግረውም ነበርና ናፍቆቱ ውሎ አድሮ ክፋት ሆነ። ወይኑ በሚያቆጠቁጥበት ወራት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለኔ ያልሆነ ለማንም አይሁን ብሎ መጥረቢያውን አንሥቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ከሥሩ ከፍ ብሎ ግንዱን አንድ ጊዜ መታው። ሊደግመው ሲያነሣ ከአጥሩ ውጭ ድምፅ ሰማ።

«የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ!»

ዓይኗ የማያይ አሮጊት ናት፤ የሐይቁን ገዳም ለመሳለም ዱላዋን ይዛ፣ መንገደኛ ለመንገደኛ እያቀባበላት የመጣች። ስሟን የሚያውቅ የለም። እንግዳ ቤት ውስጥ እያለ ዛፍ መጣል በዚያ አገር ነውር ነበርና፣ ደምለው ነገ ስትሄድ እጨርሰዋለሁ ብሎ በልቡ ይዞ መጥረቢያውን እዚያው ጣለው።

«ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ እናቴ» አላት።

አልጋው ላይ አስቀምጦ እግሯን አጠባት። ከዚያ አፈረ፤ ቆሎ ጥርስ ለሌለው ሰው አይቀርብም፣ ከቆሎ በቀር ደግሞ ቤቱ ምንም አልነበረውም።

«አልጋ አለኝ፤ እራት ግን ያለው እኅቴ ቤት ነው። እንዳልወስድዎት አጥሯን ላላልፍ ምያለሁ።»

«እስከ አጥሩ ውሰደኛ!» አለች አሮጊቷ።

የዱላዋን ጫፍ ይዞ መራት። ከእንኮዬ አጥር ሲደርስ አልተጣራም፣ ጉሮሮውን ብቻ ጠረገ። እንኮዬ ወጥታ አየችው፤ ዱላውን በአጥሩ ላይ አሳለፈላት፣ ተቀበለችው፣ ቃል ሳይለዋወጡ ተለያዩ። ዕለቱ የጾም ቀን ነበርና እንኮዬ የሽምብራ ዓሣ ሠርታ አሮጊቷን በእጇ አጎረሰቻት። ዛሬም መካከል ቤት የሚቀርበው እራት እሱው ነው፤ ሐይቁ አፍንጫችን ሥር እያለ ለምን የሽምብራ ዓሣ ይሰጡናል የሚል እንግዳ አይጠፋም። በልታ ስትጨርስ ግን እንኮዬም በተራዋ አፈረች። በወይን ግንድ ሥር እየኖረች እንግዳዋን የምታጠጣው ውሃ ብቻ ነበር።

«መጠጥ ያለው ወንድሜ ቤት ነው፤ እስከ አጥሩ ላድርስዎት» አለቻት። በዱላው ጫፍ እንዲሁ ለጫኔ ተላለፈች።

ጫኔ ከጋኑ ቀድቶ ዋንጫውን በእጇ አስያዛት። አሮጊቷ ቀስ ብላ ጠጣች። እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከጠጣች በኋላ ፊቷን ወደ ሐይቁ መልሳ፣ በእንቅልፍ ልቡ የሚወደውን ሰው እንዳየ ሰው ፈገግ ብላ ብዙ ቆየች ይባላል፤ ወይኑ በውስጧ ሲሄድ ሲያበራ ይታይ ነበር የሚሉም አሉ። ታች ቤት የተወለዱት ናቸው ይህን የሚሉት፤ እነሱ ስለ ወይናቸው ሲያወሩ ትንሽ መቀነስ ያስፈልጋል።

«ይህ ከየት መጣ፣ ልጄ?» አለችው።

«ከወይን ነዋ፣ እማማ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ወደ መኝታዬ ስመለስ እስከ ሥሩ አሳየኝ። እኔ የማየው በእጄ ነው።»

ጫኔ እጇን ይዞ ከአዲሱ እምቡጥ አስጀመራት። ዳሱ ዝቅ ያለ ነበርና ሐረጉን እየዳበሰች ከእንኮዬ አጥር ደረሱ። እንኮዬ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰምታ ወጣች። ጫኔ ዱላውን ሊያቀብላት ሲል አሮጊቷ ዱላውን ከእጇ ለቀቀችው።

«እየመሸ ነው፤ መውደቅ እፈራለሁ። ሁለት እጅ አለኝ፤ ግራና ቀኝ ያዙኝ።»

«አጥሯን ላላልፍ ምያለሁ እኮ፣ እማማ!» አለ ጫኔ።

«የማልፈው እኔ ነኝ። አንተ ዓይኔ ነህ፤ እሷም ዓይኔ ናት። ዓይን መሐላ የለበትም።»

ምን ይበሏት? እንግዳ መንገድ ላይ ትቶ መመለስ ከመሐላ ማፍረስ የከፋ ነበር። ጣቶቿ ሐረጉን እንዲዳብሱ የእጇን አንጓ ይዘው መሯት። ግን አልተነጋገሩም።

«ለዚህ ሰውዬ ይንገሩልኝ፣ ከፊቱ ድንጋይ አለ» አለች እንኮዬ።

«ከፊትህ ድንጋይ አለ ትልሃለች።»

«ሰምቻለሁ ይበሏት።»

«ሰምቷል» አለች አሮጊቷ።

ጉሙ ከሐይቁ ተነሥቶ ከኋላቸው ዳገቱን ወጣ፣ በዳሱ ሥርም ገብቶ ሞላው፤ ጥቂት እንደሄዱ ሁለቱም ከሷ የተሻለ አያዩም ነበር። የሚሰማው የእግራቸው ድምፅና ቅጠሉን የሚዳብሰው የእጇ ድምፅ ብቻ ሆነ። ሐረጉ በእጇ ውስጥ ከጣት ወደ ክንድ እየወፈረ ሄደ። እንኮዬ አባቷ የያዛት መሰላት። ጫኔ ደግሞ ወዴት እንደሚሄዱ ረስቶ፣ ዕድሜውንም ረስቶ፣ በዚያ መንገድ ሁልጊዜ ሲሄድ የኖረ መሰለው። ሁለቱም ደስ አላቸው፣ ደስታቸውንም የሚናገሩለት ሰው አጠገባቸው እያለ አልተናገሩትም። የደምለውን አጥር ያለፉት ማለፋቸውን ሳያውቁ ነው ይባላል።

ደምለው ጓሮው ውስጥ ቆሞ ነበር። ከጉሙ ውስጥ ሦስት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲወጡ አየ። አጥሬን ለምን አለፋችሁ ሊል ፈለገ፣ መናገሩ ግን መሐላ ማፍረስ ነበር። አሮጊቷ ግንዱን እየዳበሰች ወደ ታች ወረደችና እጇ ከቁስሉ ላይ ቆመ። ወይን ሲያቆጠቁጥ ከተመታ ውሃ ያነባል፤ ውሃው በጣቶቿ መካከል ወረደ።

«እዚህ ቆስሏል። ገና አሁን ነው የተመታው። ማን ነው?»

እንኮዬና ጫኔ ወድቆ የነበረውን መጥረቢያ አዩ። ደምለው ግን አልካደም።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምን አድርጎህ?»

ደምለው ምክንያት ሞልቶት ነበር፤ ዕጣው፣ ሥሩ፣ ብኩርናው፣ ሁሉንም ብቻውን ሲለማመደው የከረመ ነው። አንዱም ከአፉ አልወጣም።

«አላቀመሱኝም» አለ። ይህን ብሎ ያ ትልቅ ሰውዬ አለቀሰ።

ጫኔ አንገቱን ደፋ። ቤቱ ሙሉ ጋን ወይን ተቀምጦ ወንድሙ አንድ ጉንጭ አጥቶ መጥረቢያ እንዳነሣ ያን ጊዜ ገባው፤ ዕፍረቱም ከቁጣው በለጠበት። እንኮዬ በነፃው እጇ መቀነቷን ፈትታ በቁስሉ ላይ ልትጠመጥም ሞከረች፣ ባንድ እጅ ግን የሚታሰር አልሆነም።

«አንድ ጊዜ ይልቀቁኝ፣ እማማ።»

«አልለቅም፤ እወድቃለሁ» አለች አሮጊቷ፣ የሁለቱንም እጅ አጥብቃ ያዘች።

ያን ጊዜ ጫኔ ነፃ እጁን ዘርግቶ የመቀነቱን ሌላ ጫፍ ያዘ። ደምለው ተንበርክኮ ከወይኑ ሥር ጭቃ ዛቀና ቁስሉን መረገው፤ እኅቱና ወንድሙ በላዩ ላይ በሁለት ሰው እጅ አንድ ቋጠሮ ቋጠሩበት። ያኔ መሐላውን ረስቶ መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደሆነ ሽማግሌዎቹ አይስማሙም። የላይ ቤቶቹ ደምለው ነው ይላሉ፣ የታች ቤቶቹ ጫኔ ነው ይላሉ፣ መካከል ቤቶቹ እንኮዬ መሆኗን አይጠራጠሩም። ምን እንደተባለም የሚያውቅ የለም።

አሮጊቷ በማግሥቱ መንገዷን ቀጠለች። ወይኑ ዳነ። ላለመነጋገር ስለማሉት ካህኑ ንስሓ ሰጥተው ፈቷቸው ይባላል፤ ስለ አጥሩ ግን በአባት መቃብር የተማለ ነገር እንዲሁ አይጣልምና ከእንግዳ ጋር ካልሆነ አንዱ የሌላውን አጥር አላልፍ አለ። ስለዚህ ለመገናኘት እንግዳ ያስፈልጋቸው ጀመር። ደምለው መንገድ ዳር ወጥቶ መንገደኛ ይለምን ነበር፤ መንገድ ያላለቀበትን ሰው ሳይቀር ደክሞሃል፣ ፊትህ ገርጥቷል እያለ ያሳምነዋል። ጫኔም ዓይን ሆኖ ሲወጣ ቅል ሙሉ ወይን ሳያነግት ወጥቶ አያውቅም። እንግዳው ተኝቶ እነሱ ሲጫወቱ ያነጋሉ፤ አንዳንዱ እንግዳ እስኪሰለቸው ድረስ እንዳይሄድ ይለመን ነበር ይባላል።

ይኸው ዛሬም በሐረግ አምባ መኝታው ላይ፣ እራቱ መካከል፣ ወይኑ ታች ነው። ለእንግዳ የማይነገረው አንድ ነገር ዓይን ሆነው እጁን የሚይዙት ሁለት ሰዎች እንዴት እንደሚመረጡ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚልኩት በዚያ ሰሞን በመንደሩ ውስጥ የተኳረፉትን ነው።

ይህን እኔም የሰማሁት በኋላ ነው። ወይኑ በሚያቆጠቁጥበት ወራት ሄጄ፣ የሽምብራ ዓሣውን በልቼ፣ ታች ቤት ጠጥቼ፣ ጀምበር ስትገባ ሁለት ሴቶች መጡና ግራና ቀኝ ያዙኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ወጣሁ። የቀኟ «ለዚች ይንገሩልኝ፣ ዝቅ ትበል» ስትለኝ፣ የግራዋ «ሰምቻለሁ ይበሏት» ስትለኝ፣ የአገሩ ወግ ነው ብዬ በደስታ አመላለስኩላቸው። ጉሙ ፊቴን ሲነካኝ ይሰማኛል፤ ወይኑ ሞቆኛል፤ ያ ዳገት ባያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ከግንዱ ስንደርስ እጄን ከጠባሳው ላይ አሳረፉልኝ። መቀነቱ አርጅቶ ኖሮ በጣቴ ሥር ተበጠሰ።

 ከዚያ አንዷ የራሷን መቀነት ስትፈታ ሰማሁ። እጃቸውን ልለቅላቸው ብል ሁለቱም አልለቀቁኝም፤ በነፃ እጃቸው መቀነቱን በግንዱ ዙሪያ ሲያቀባበሉ የልብሳቸው ጫፍ ይነካኛል፣ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ቋጠሮው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ጠበቅ አድርጊው» አለች የግራዋ።

ይህን ያለችው ለእኔ አልነበረም።