የቅቤ ነጋዴው አህያ

አንድ የቅቤ ነጋዴ ነበር፤ ዘርጋ ይባላል። ሚስቱን ሽታዬን ከዓይኑ ብሌን አብልጦ ይወዳታል። ልጅ የላቸውም። እሱ ያለው እሷ፣ እሷም ያላት እሱ ነው።

አንድ ክረምት ሽታዬ ክፉኛ ታመመች። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ አቅሟ ግን አልመለስ አለ። ዘርጋ ለጋውን ቅቤ እየመረጠ፣ ቆጮውን እያራሰ፣ ጧት ማታ በእጁ ያጎርሳት ጀመር። ባቄላውንና ምስሩን «ይሄ ለእኔ ይበቃኛል» እያለ ወደ ራሱ ይስበዋል። ለሚወዳት ሴት ንፍሮ ማቅረብ ነውር መሰለው።

ወራት አለፉ። የሽታዬ እግር ሞላ፣ ፊቷም ድቡልቡል አለ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ወፈርሽ፣ አማረብሽ፣ ባል እንዲህ ነው እንጂ ይላል። ዘርጋን ደስ አለው። እሷ ግን ከአልጋ እስከ ደጃፍ ለመድረስ ግድግዳ መያዝ ጀመረች። አንድ ቀን ቀስ ብላ፣

«ዘርጋዬ፣ ሰው ወፈርሽ ይለኛል፤ እኔ እያለቅሁ ነው» አለችው።

ያኔውኑ አህያው ላይ አስቀምጦ አንድ አረጋዊ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት።

ሐኪሙ ቅልጥሟን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት። ጣታቸው ያረፈበት ጎድጉዶ ቀረ። ልቧን አዳመጡ፣ ደሟንና ሽንቷን መረመሩ፣ ምን እንደምትበላም ጠየቁ። ዘርጋ ኮራ ብሎ ነገራቸው። ሐኪሙ ውሃ በብርጭቆ አስመጥተው፣ ዘርጋ ለስንቋ ከያዘላት ቅቤ ቆንጥረው ጣሉበት። ቅቤው ላይ ላዩን ተንሳፈፈ።

«አየህ ልጄ፣ ደምም እንዲሁ ነው። ቅባት ብቻውን አይሄድበትም፤ ተሸካሚ ይፈልጋል። ተሸካሚው አልቡሚን ይባላል። ቅባቱን ለልብም ለጡንቻም የሚያደርሰው፣ ውሃውንም ከደም ሥር ወጥቶ እግር ላይ እንዳይጠራቀም የሚይዘው እሱ ነው። አንተ ቅቤህን ገበያ የሚያደርስልህ ማን ነው?»

«አህያዬ።»

«ምን ታበላዋለህ?»

«ሳርም ገብስም። ሳይበላማ እንዴት ይሄዳል?»

«የእሷን ተሸካሚ ግን ጦሙን አሳደርከው። ተሸካሚውን ጉበቷ የሚሠራው አንተ ከምትበላው ባቄላ፣ ከእንቁላል፣ ከአይብ ነው።»

ዘርጋ አንገቱን ደፋ። ሽታዬ እጁን ያዝ አደረገችና፣ «ይተዉት ሐኪም፤ ያለውን ምርጥ ነው የሰጠኝ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ዘርጋ ምስር መቀቀል ተማረ። አንዴ ያሳርረዋል፣ አንዴ ውሃ ያበዛበታል፤ እሷ እየሳቀች ትበላለች። ቀስ በቀስ እብጠቱ ጎደለ፤ የቁርጭምጭሚቷ አጥንት ታየ። ከጥቂት ወራት በኋላ ገበያ በእግሯ ወጣች። አንዲት ጎረቤት አየቻትና ደንግጣ፣

«ውይ ሽታዬ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አለቻት።

ዘርጋ ቅቤውን ከአህያው ጀርባ እያወረደ ነበር። ሰማ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«አሜን» አለ።

ለምንወደው ሰው ምርጡን እንሰጣለን፤ ደግ ነው። ምርጡ ነገር ግን በራሱ እግር አይሄድም። ድምፁ የማይሰማ፣ ስሙ የማይነሳ አድራሽ አለው። በሰውነትም በቤትም እንዲሁ ነው። በእናንተስ ቤት ሸክሙን የሚያደርሰው ማን ነው? ዛሬ በልቷል?