የጣልከው ልጅ ማጅራት

ጠጋ በሉና ስሙ፤ አላህ የሰማነውን የምንሠራበት ያድርገን። ስሟ ይቅርና፣ ቅጥሯ በዕድሜ ብዛት የጎበጠ፣ መንገዶቿ ሁለት የተጫኑ አህዮችን ጎን ለጎን የማያሳልፉ አንዲት የጥንት ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሐጂ ሙዘሚል የሚባሉ ኮርቻ ሰፊ ይኖሩ ነበር። በጉብዝናቸው ዘመን በዒድ ሜዳ ትግል የሚገጥማቸው ጠፍቶ ነበር ይባላል። ካረጁ በኋላ ግን ወይ ወስፌ ወይ የዚክር መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን ይዘው እንጂ ባዶ እጃቸውን ያያቸው የለም።

አንድ ጠዋት ለኮርቻ መሙያ ጭድ ሊያመጡ ወደ ጓሮ ወጡ። እጃቸውን ወደ ክምሩ ሲሰዱ ክምሩ አነጠሰ። ሐጂ ክው አሉ። ይባስ ብሎ ክምሩ ከውስጥ በቀጭን ድምፅ፣ “አ-አልሐምዱሊላህ” አለ።

“የርሐሙከላህ!” አሉ ሐጂ። “እንዲህ ያለ አደብ ያለው ጭድ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። በል ውጣ።”

ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ ጭድ ለብሶ የወጣው የጎረቤታቸው ልጅ ሰዕድ ነው። በዚያ ሰዓት መድረሳ ቁርኣኑን መቅራት ነበረበት። ኮሌታው ተቀዷል፤ አንገቱ ላይ የጥፍር ሰንበር አለ።

“ማነው እንዲህ ያደረገህ?”

“ማ-ማንም።”

“ይኼ ማንም የምትለው ልጅ ጥፍሩ ረዝሟል” አሉ ሐጂ፣ ጭዱን ከፀጉሩ እየለቀሙ።

ልጁ ይሄኔ ሆድ ባሰውና ዘረገፈው። የቆዳ ነጋዴው የዚያድ ልጅ ሹክሪ ከጓደኞቹ ጋር መድረሳው አጠገብ ባለችው ጠባብ መንገድ ይጠብቀዋል። “ሰዕድ ቅዳሜ አሊፍ ብሎ ይጀምርና ባ ላይ የሚደርሰው ለጁምዓ ነው!” እያለ በመንተባተቡ ያሾፍበታል፤ ይስቃሉ። ሳቁ ሲያልቅባቸው ይመቱታል። ስለዚህ ሰዕድ ቆርጧል፤ ዳግመኛ መድረሳ አይሄድም።

“ቁርኣን ም-ምላሳቸው ለቀና ነው” አለ።

ሐጂን ከሰንበሩ ይልቅ ይህ ቃል አንጀታቸውን በላው።

“አባባ ሐጂ፣ መ-መምታት ያስተምሩኝ። አፍንጫውን ብቻ።”

“አፍንጫ አላስተምርም። ትግል ግን፣ እናትህ ከፈቀደች፣ አስተምርሃለሁ። ግን ሸርጥ፣ ማለት ግዴታ፣ አለው። የጣልከው ልጅ መሬት ሳይነካ እጅህ ቀድማ ማጅራቱ ስር ትገባለች። ጭንቅላቱ ባንተ ላይ አማና፣ አደራ ነው።”

“የ-የሹክሪም?”

“የሹክሪም።”

“የሱ እኮ ድንጋይ ነው፤ ም-ምንም አይሆንም!”

ሐጂ ሳቃቸውን ጺማቸው ውስጥ ደበቁት።

እናት ፈቀደች። ሐጂም የመድረሳውን ኡስታዝ አነጋገሩ፤ ኡስታዙ ሹክሪን ቢቆጡትም መንገዱ ላይ ግን ሁልጊዜ ሊቆሙለት አይችሉም። ከቀትር በኋላ የሚሰገደው የዐስር ሰላት ሲያልቅ ጭዱ ጓሮው ላይ ይነጠፋል። መጀመሪያ አቋቋም፤ እግርን ከፈት አድርጎ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ ከሆድ “ተወኝ!” ማለት። መንገድ ካለ ጥሎ መሄድ። ከዚያ በኋላ ነው ብብት ስር መግባቱና እግር መጥለፉ። ወሬው ሲሰማ የሹክሪን እጅ የቀመሱ ሌሎች ልጆችም መጡ። ጓሮው በሚወድቁና በሚነሱ ልጆች ሞላ። እናቶች ከአልጋ ላይ ጭድ መጥረግ ሰለቸን ቢሉም የልጆቻቸው ፊት ሲፈካ እያዩ መልሰው ይልኳቸው ነበር። የሐጂ “ማጅራት! ማጅራት!” የሚል ጩኸት መስጊድ ድረስ ይሰማ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ሹክሪ በዚያችው መንገድ የሰዕድን ኮሌታ ጨመደደ።

“ተወኝ!” አለ ሰዕድ። ድምፁ ግድግዳውን ነዘረው።

“ወይ ጉድ፣ አፍ አወጣ!” ብሎ ሹክሪ ወደ ድንጋዩ ግድግዳ ገፋው። መሄጃ የለም። ሰዕድ ብብቱ ስር ገባ፣ ጠለፈው። ሹክሪ በጀርባው ሲሄድ ጭንቅላቱ ያነጣጠረው የበር ደፍ ድንጋይ ላይ ነበር። ጧ! የሚል ድምፅ አልተሰማም። የሰዕድ እጅ ቀድማ ነበር።

ሹክሪ ተንጋሎ ሰማይ ያያል።

“ተ-ተነሳ እንጂ” አለ ሰዕድ። “ጭንቅላትህ ከብዶኛል።”

የሹክሪ ጓደኞች ሳቁ፤ በዚህ ጊዜ ግን የሳቁት በሰዕድ አይደለም።

ብዙም ሳይቆይ ዚያድ ልጁን እየጎተተ ኮርቻ ቤቱ ደጃፍ ደረሰ። ልጆቹ ሁሉ አሉ።

“ሐጂ! በዚህ ዕድሜዎ የሰው ልጅ ማስደብደብ ጀመሩ? ይህን ጓሮ ይዝጉ፣ ይህም ልጅ ጥፋተኛ ነኝ ይበል። አለዚያ ከዛሬ ጀምሮ ከኔ አንዲት ቁራጭ ቆዳ አያገኙም!”

ሰዕድ ሐጂን አየ። በከተማው ሌላ ቆዳ ነጋዴ የለም።

“ቆዳው ያንተ ነው፣ ዚያድ ልጄ” አሉ ሐጂ በዝግታ። “ልጁ ግን አማናዬ ነው፤ በቆዳ አልለውጠውም። እስቲ የሹክሪን ጭንቅላት ዳብስ።”

ዚያድ ዳበሰ። ማጅራቱን፣ ኋላውን፣ ጆሮ ግንዱን። ምንም የለም። ሐጂ ያን ጊዜ የሰዕድን እጅ ገልብጠው አሳዩት። የጣቶቹ አንጓ ሁሉ ተልጧል።

“የልጅህ ጭንቅላት ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ከደፉ ድንጋይ በላይ።”

ዚያድ ያችን ትንሽ እጅ አገላብጦ አየ። “አውፍ በሉኝ ሐጂ፣ ይቅር በሉኝ” አለ።

“እኔን ምን አደረጋችሁኝ? ሐቁ የሰዕድ ነው። ባለሐቁ ሳይል እኔ አውፍ ልል አልችልም።”

ሹክሪ ጣቱን ሲቆረጥም ቆየና ወደ ሰዕድ ቀረበ። “ስመታህም ስስቅብህም ለነበረው… አውፍ በለኝ።” ከዚያ ቀስ ብሎ፣ “እኔንም ያስተምሩኛል?” ሲል ሐጂን ጠየቀ።

ሰዕድ አሰበበት።

“አ-አውፍ ብያለሁ። ግን መጀመሪያ መ-መውደቅ ይማር!”

ሐጂ ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ፤ ዚያድ ራሱ ሳቀ። ያን ቀን ሹክሪን ያልጣለው ልጅ የለም፤ ሁሉም ታዲያ ማጅራቱን ይዘውለታል።

በማግስቱ ሰዕድ መድረሳ ገባ። ሲቀራ አንድ ፊደል ላይ ተያዘ፤ ከኋላ አንዱ ክትክት አለ። ሰዕድ እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመ፣ አየር ሳበ፣ እስከ ሱራው መጨረሻ ሄደ። ኡስታዙ “ማሻአላህ!” አሉ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ዚያድ ቆዳውን አራግፎ በአጥሩ ላይ ልጆቹን ሲያይ፣ “ሐጂ፣ ከነዚህ ሁሉ ብርቱው የትኛው ነው?” አላቸው።

“እያንዳንዱ የጣላቸውን ልጆች ማጅራት ዳብስ” አሉ ሐጂ። “ማጅራቱ ይነግርሃል።”

እንግዲህ ወንድሞቼ፣ እኛ ሰፈር ወንድ የሚባለው ባደማው አፍንጫ ብዛት ነው። ሐጂ ሌላ መለኪያ አወጡለት። ራሱን የማይከላከል ልጅ አሳድጉ አላሉም፤ በደልን ዝም ብለህ ተሸከምም አላሉም። ጥለህ ስታበቃ እጅህ የት ነበረች ነው ጥያቄያቸው። ጉልበቱን ለኛ የሰጠን ጌታ፣ የወደቀውም ልጅ ጌታ ነውና።