እመት ጦይባና የሴት ደረሶች ወቅፍ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ይሁንና፣ ከተራራ ሥር በተቆረቆረች አንዲት የጥንት ከተማ እመት ጦይባ የምትባል ሴት ነበረች። የከተማዋ ስም ይቅር፤ ስሟን ከጠራን አገር ሁሉ ዘመዷ ነኝ ብሎ ይነሳል።

ጦይባ የዚያች ከተማ ተወላጅ አልነበረችም፤ ጦርነት ያመጣት ስደተኛ ናት። ባሏ ከዘመተበት ሳይመለስ ቀረ፤ መንደሯ ነደደ። ትንሽ ልጇን ሰዓዳን አዝላ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር ቆላውን አቋርጣ ወጣች። ከእናትና ልጅ ከተማዋ የገባችው ግን እሷ ብቻ ናት። ሰዓዳ መንገድ ላይ ቀረች።

ከዘንባባ ቅጠል ሰሌን እየሠራች ኖረች። ሰሌኗ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጠርዙ የማይተረተር ስለነበር ሰጋጁ ሁሉ ከሷ ይገዛል። ኋላ ሰው የናቀውን ድንጋያማ መሬት ገዝታ፣ ድንጋዩን በእጇ ለቅማ ብርቱካን ተከለችበት። ብርቱካኑ ሲያፈራ የናቁት ሁሉ "ድሮም መሬቱ ጥሩ ነበር" አሉ። የሰው ነገር!

ወራሽ የላትም። ስታረጅ አንድ ቀን ወደ ማምሻው፣ ከዐስር ሰላት በኋላ የመስጊዱን ዓሊም ሸህ እንድሪስንና ነጋዴውን ሐጂ ሙዘይንን ለምስክርነት ጠራች፤ ከብርቱካኑ ጥላ ሰሌን አነጠፈችላቸው።

"ማሳዬን ለአላህ ብዬ ሰጥቼ ወቅፍ አድርጌዋለሁ፤" አለች። "አይሸጥ፣ አይለወጥ። ፍሬው እየተሸጠ ዲን የሚቀሩ፣ ሃይማኖት የሚማሩ ደረሶችን ይቀልብ፣ ያልብስ። ደረሶቹ ሴቶች ይሁኑ፤ የከተማውም ልጅ፣ እንደኔ በስደት የመጣውም ልጅ።"

ሐጂ ሙዘይን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ምላሱ ግን ከልቡ ቀድማ ትነሳለች።

"ኧረ እመት! መስጊዳችን ሚናራ የለውም። ሚናራ አሠሪበትና እስከ ቂያማ 'የጦይባ ሚናራ' ይባልልሽ። ሴት ልጅ ከእናቷ ትማር የለ?"

"እናቷስ ከማን ትማር?"

"ከእናቷ ነዋ።"

"እሷስ? እስከ እናታችን ሐዋ ድረስ ልትወስደኝ ነው?"

ሸህ እንድሪስ ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ዋጡት። "የወቅፍ ሰጪ ቃል ይከበራል፤" አሉ። "ግን እህቴ ጦይባ፣ ለምን ሴቶቹን መረጥሽ? ነገ የሚጠይቀኝ አለና የምመልሰውን ንገሪኝ።"

ምክንያቱን ለሰው ከተነፈሰች ዘመን ሆኗታል። ብናገር ሸሁ እንደ ከሃዲ ያዩኝ ይሆን? "ከአንቺ እጅ ወቅፍ አንቀበልም" ይሉኝ ይሆን? ይህን እያሰበች የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ ቆየች። በመጨረሻ አወጣችው።

"ልጄ የሞተችብኝ ከደረቅ ወንዝ ዳር ነው። ወንድ አብሮን የለም። በቀረችን ውሃ አጠብናት፤ በነጠላዬ ከፈንኳት። ለሟች የሚሰገደው ሰላተል ጀናዛ እንዴት እንደሚሰገድ ግን ከሁላችን አንዲት የምታውቅ ጠፋች። እኔ የማውቀው ያንኑ የዘወትሩን ነው። ወደ ቂብላ አጋደምኳትና እሱን ሰገድኩ። አጎንብሼ ሩኩዕ አደረግሁ፤ ሱጁድ ወርጄ ግንባሬን አሸዋው ላይ ደፋሁ።"

"ከዚያስ?" አሉ ሸሁ፣ በለሆሳስ።

"እዚህ ከገባሁ በኋላ ኪታብ ለቀመሰ አንድ ሰው ነገርኩት። 'የጀናዛ ሰላት ቆሞ ብቻ ነው፤ ሩኩዕም ሱጁድም የለበትም። አንቺ ለሬሳ ነው የሰገድሽው! ሽርክ ሠርተሻል፤ በአላህ ላይ ሌላ አጋርተሻል' አለኝ። ከዚያ ወዲህ ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ያ አሸዋ ይመጣብኛል። ሴቶቹ ዲናቸውን ይማሩ የምለው ለዚህ ነው።"

ሐጂ ሙዘይን ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሸሁ ግን ቀና ብለው አዩዋት።

"ልጅሽን ከፊትሽ አድርገሽ ስትሰግጂ በልብሽ ማንን ይዘሽ ነበር?"

"ማንን ልይዝ ኖሯል?" አለች ቆጣ ብላ። "ልጄን የወሰዳትን ነዋ! 'ሰጥተኸኝ ነበር፤ ወሰድክ። ባዶ እጄን አትተወኝ' እያልኩት።"

የሸህ እንድሪስ እንባ በጢማቸው ወረደ።

"እንግዲያ የሰገድሽው ለሱ ነው፣ እህቴ። ያላወቀ ሰው ስህተት ምህረት አለው። ያ ሰውዬ ማስተማር ሲገባው አስደነገጠሽ። ተጠያቂዎቹስ እኛ ነን፤ መንደር ሙሉ ሴት የሞተ ልጇን ይዛ ስትቆም የምትለውን ያላስተማርን።" ብድግ አሉ። "ተነሽ። ልጅሽ ስትሞት አንቺም እኔም ሰላት ግዴታ የሆነብን አዋቂዎች ነበርን። ለእንዲህ ያለ ሰው በመዝሀባችን፣ በምንከተለው የሕግ መንገድ፣ ከሩቅ ላለ ሟች መስገድ ተፈቅዷል። አሁን እንስገድላት።"

የምትለውን አስቀድመው ቃል በቃል ነገሯት። ከዚያ እሳቸው ከፊት፣ ሐጂ ሙዘይን ከቀኛቸው፣ እሷ ከኋላ ቆሙ። አራት ተክቢራ፣ አራት ጊዜ "አላሁ አክበር"፣ ከዚያ ሰላምታ፤ አለቀ።

"ይኸው ነው?" አለች።

"ይኸው ነው።"

"ይህቺን የምታክል ነገር አጥቼ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የነደድኩት?" አለችና ተቀምጣ አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላትም።

እንባዋን ስትጠርግ ሐጂ ሙዘይን ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንግዲህ እመት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ልብሽ ካረፈ... ግማሹን ለሚናራው ብናደርገውስ?"

እመት ጦይባ እየሳቀች አየችው።

"ልቤማ አረፈ፣ ሐጂ። ባለማወቄ አላህ ማረኝ። አሁን አውቄ፣ ሌላዋን ሳላሳውቅ ብቀር ግን በምን አፌ ምህረት እለምነዋለሁ?"

እመት ጦይባ ካለፈች ቆየች፤ አላህ ይርሐማት። የሸሁ ልጅ ረውዳ ሴቶቹን ከብርቱካኑ ሥር አስቀምጣ አቀራች፤ ከነሱ የተማሩት ደግሞ ሌሎችን አስተማሩ። ሚናራውን ሐጂ ሙዘይን ከራሱ ኪስ አሠራው። ገንዘቡ ድሮም አላነሰውም።

የዚህች ሴት ቃል ለሚያስተውለው ትልቅ ነው። ብዙ ሰው ምህረት ሲያገኝ እፎይ ብሎ ይተኛበታል። እሷ ግን ምህረቱን እንደ መኝታ ሳይሆን እንደ ዘር ቆጠረችው፤ ዘር ደግሞ ይዘሩታል እንጂ አይታቀፉትም። እናንተም የማታውቅ እናት ስትሳሳት ብታዩ "ሽርክ ነው" ለማለት አትቸኩሉ። እጇን ያዙ፤ አስተምሯት። ማስደንገጥማ ጅብም ይችላል።