በብሬል ድራይቨሩ ራስ ላይ የማን ስም ይጻፍ?

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ እንዳትሉት፣ ኮምፒውተር በየቢሮው በገባበት ዘመን፣ በአንዲት የወሎ ከተማ የአቶ ይመር ሦስት ልጆች ነበሩ። ታላቁ ደርበው ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነው። መካከለኛዋ ስመኝ ፕሮግራም ትጽፋለች። ታናሹ አስናቀ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ እሱም ራሱ ዓይነ ስውር ነው።

ትምህርት ቤቱ ወረቀት በነጥብ እየወጋ በጣት የሚነበብ መጽሐፍ የሚያወጣ የብሬል ማተሚያ ነበረው። ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ሊሞት የደረሰው የሚያዘው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። አዲስ ተገዛ፤ የተጫነበትም «ጎጆ» የሚባል፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሲስተም ነው። ጎጆና ማተሚያው ግን አይግባቡም። በመካከላቸው የሚያስተረጉም ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ የማተሚያው አምራች ድርጅት ደግሞ ከተዘጋ ቆይቷል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ሃያ ሦስት ተማሪዎች መጽሐፍ የላቸውም።

ርዕሰ መምህሯ «አሮጌው እስኪቆም የቻልነውን እናትምበት» አሉ። ደርበው «አይሆንም!» አለ። «ሳይሞት ቋንቋውን እንስማው።» ገመዱ ላይ መቅጃ መሣሪያ አስገብቶ፣ ፊደል በፊደል እያሳተመ፣ ኮምፒውተሩ ለማሽኑ የሚልከውን ትእዛዝ ሁሉ መዘገበ። በአራተኛው ቀን ኮምፒውተሩ ጭስ አውጥቶ ዐረፈ። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ አልታተመም፤ ደርበው ግን ደብተር ሙሉ ትእዛዝ ይዞ ወጣ። ወይ ድፍረት!

ስመኝ ደብተሩን ተቀበለች። አሠሪዋ ፈቃድ ሲከለክላት «ሥራ ይገኛል፤ ፈተናው ግን አይጠብቀኝም» ብላ ለቃ መጣች። ሃያ ቀን ሙሉ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። ማሽኑ እንቢ አለ፣ ወረቀት አኘከ፣ ተንገጫገጨ። በመጨረሻ ተክ ተክ እያለ አተመ። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነጥቦቹ ግራና ቀኛቸው ተገላብጦ ታያት። «ወንድም ጋሼ ሲመዘግብ ተሳስቷል» ብላ አቃናችው። በዓይኗ ከብሬል ሠንጠረዥ ጋር አስተያየችው፤ ነጥብ በነጥብ ልክ ነው። እልል አለች፤ ማን ይፈርድባታል? ስድስት መቶ ገጹን መጽሐፍ ማተም ጀመረች።

አስናቀ ከክፍል ወጥቶ አንዱን ገጽ አነሳና ጣቱን ሰደደበት። ከዚያ ሄዶ ሶኬቱን ነቀለው።

«ምን ነካህ አንተ!» ብላ ጮኸች ስመኝ።

«እትዬ፣ አይነበብም።»

«በዓይኔ አይቼዋለሁ እኮ!»

«ጥፋቱ እሱ ነው። አንቺ ያየሽው የተወጋውን ጎን ነው። ጣት የሚያነበው በጀርባ ያበጠውን ነው፤ እዚያ ግራው ቀኝ ይሆናል። እኛ በእጃችን ስንጽፍ ከቀኝ ወደ ግራ የምንወጋው ለምን ይመስልሻል?»

ስመኝ ገጹን ገልብጣ ያበጠውን ጎን አየችው። አስናቀ አጠገቧ ተቀምጦ የቱ ነጥብ የት እንደሚሄድ ነገራት፤ ሰባት መስመር ተቀየረ። መጽሐፉ ታተመ፣ ሃያ ሦስቱም አንብበው ተፈተኑ።

እስካሁን ሰላም ነው። ጠቡ የመጣው ድራይቨሩ ጎጆ ውስጥ ይግባ ተብሎ ሲላክ ነው፤ ያንኑ ዓይነት ማሽን ይዘው የቆሙ ዘጠኝ ትምህርት ቤቶች ይጠብቁታል። የጎጆ ኃላፊዎች እንዲህ ብለው መለሱ፦ «ሸጋ ሥራ ነው። በሕጋችን ግን በፋይሉ ራስ ላይ የሚጻፈው የአንድ ሰው ስም ነው። ወደፊት ምን ይቀየር፣ ምን ይቅር የሚለው እሱ ነው። እስከ ዓርብ ካልተጻፈ ለከርሞ ይተላለፋል።»

ደርበው «ቋንቋውን ከሞት አፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ደብተሬም ልክ ነበር፤ ማን አቃኚው አላት?» አለ።

ስመኝ «ሦስት ሺህ መስመር የጻፍኩት እኔ፣ ከሥራዬ የወጣሁት እኔ። ነገ ቢበላሽስ ማን ሊጠግነው ነው?» አለች።

አስናቀ «ለዓይናችሁ ብተወው ኖሮ ስድስት መቶ ገጽ ቆሻሻ ታትሞ ነበር። በእኛ ንባብ ላይ ወሳኙ ከእኛ ይሁን» አለ።

አቶ ይመር ቢጠየቁ «የኔ ስም እንደሆነ ከሦስታችሁም ኋላ አለ» ብለው ወደ ገበያ ወጡ። ብልህ ሰው!

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ሦስቱም ይህን ያውቃሉ፣ አንዳቸውም ንቅንቅ አላሉም። ዘጠኙ ትምህርት ቤቶች እየጠበቁ ነው፣ ቀኑም ዓርብ ነው። እኔ ያየሁትን አወራሁ፤ መፍረዱን ለእናንተ ትቻለሁ። በሉ እንግዲህ፣ ስሙ የሚገባው ለማን ነው?