ለሻሼ አንድ እቅፍ ጭድ

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ «ብርድ በር አያንኳኳም፤ ቀዳዳ ይፈልጋል» ይሉ ነበር። መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ይህን ብለው ጭቃ ያቦካሉ። እኔም ጥቅምት እንደገባ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አቡነ ዘበሰማያቴን አድርሼ የቤቴን ግድግዳ በመዳፌ ዳሰስኩት። ጣርማበር ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ውርጭ ከወረደ በባልዲ ያደረ ውሃ በረዶ ለብሶ ይገኛል።

ሁለት ስንጥቅ አገኘሁ። አንዱ ከአልጋችን ራስጌ፣ አንዱ ከነሻሼ ሳጥን በላይ።

ሻሼና ባሏ ቆሎ የመምህር ኤፍሬም ነበሩ። መምህሩ እኛ ጋ ተከራይቶ ሲኖር አመጣቸው፤ ዝውውር ሲደርሰው ለባለቤቴ ለይርገዱ ትቷቸው ሄደ። ጊኒ ፒግ ይባላሉ ብሎናል። ከአይጥ ይበልጣሉ፣ ከጥንቸል ያንሳሉ፣ ጭራ የላቸውም፣ ሣር ሲያዩ «ዊክ ዊክ» ይላሉ። አይበሉም፣ አይታለቡም፣ አይጫኑም። መንደሩ ስማቸውን አልተቀበለም፤ እኛን «አይጥ ቀላቢዎቹ» ብሎን አረፈው።

አሁን ሻሼ ሆዷ ገፍቷል፤ ዛሬ ነገ ትወልዳለች። አምና የወለደቻቸውን ሦስቱንም ውርጭ ፈጃቸው፤ ይርገዱ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ስትቀብራቸው አይቻለሁ። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም፣ ይመስገን፤ ቤታችን ውስጥ ከእኛ ሌላ ድምፅ ያላቸው እነሱ ናቸው። የዚያን ጠዋት ይርገዱ ሳጥኑን አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣችና ወደ ሰማዩ አየች። ደመና የለም። ማታ ውርጭ ይወርዳል ማለት ነው።

«ማሙሸት» አለችኝ፣ «ዘንድሮም ከሞቱብኝ ሳጥኑን ፍለጠው።»

እኔም ሳጥኑ እስኪደርቅ እንዳይበርዳት ሻሼን በጋቢዬ እቅፍ አድርጌ ወጣሁ። የፈለግሁት አንድ እቅፍ ጭድ ነው፤ ግማሹ ለሳጥኑ ምንጣፍ፣ ግማሹ ለግድግዳው ጭቃ።

ጭድ ያለው ጋሼ ሸዋቀና ቤት ነው። ክምሩ ጓሯቸው ቆሟል፤ ግን ውሻቸው እዚያ ውስጥ ወልዳለች። ለራሳቸው እንኳ ጥርሷን አሳይታቸዋለች። ቅልጥም ካላየች ከዚያ አትነሳም አሉኝ። እኔም ወደ ሥጋ ቤት ሮጥኩ። ቅልጥም ካልመጣ ውሻ አትነሳም፤ ውሻ ካልተነሳች ጭድ አይወጣም፤ ጭድ ካልወጣ ሻሼን ይበርዳታል።

ሥጋ ቤቱ የደጀኔ ነው። የመጣሁበትን ስነግረው ቢላውን አስቀምጦ ሳቀ። «ለአይጥህ ብለህ ለውሻ አጥንት ትለምናለህ። ነገ ደግሞ ለድመት ትመጣለህ» አለኝ። ክፉ ሰው ግን አይደለም። ቅልጥሙ ከነታፋው ተሰቅሏል፤ የሚፈልጥበት መጥረቢያ ትናንት የበሬ ዳሌ ላይ ጥርሱ ረግፏል። ይህን አንጥረኛ ጋ ወስደህ ካስመታህልኝ አጥንቱ ያንተ ነው ብሎ መጥረቢያውን አሸከመኝ። መጥረቢያ ካልተመታ ቅልጥም አይፈለጥም፤ ቅልጥም ካልተፈለጠ ውሻ አትነሳም፤ ውሻ ካልተነሳች ጭድ አይወጣም፤ ጭድ ካልወጣ ሻሼን ይበርዳታል።

አንጥረኛው ጋሽ ውብሸት ከምድጃቸው ፊት እጃቸውን አጣምረው ቁጭ ብለዋል። ወናፋቸው ተቀዷል። ቢያናፉት አየሩ በጎን ይወጣል፣ ከሰሉም አይቀላም። ለጫማ ሰፊው ልከው እምቢ ብሏቸው ተኳርፈዋል፤ አንተ ከሄድክ ምናልባት ያፍር ይሆናል አሉኝ። መጥረቢያውን እዚያው ትቼ ወናፉን ተሸከምኩ። ወናፍ ካልተሰፋ ከሰል አይቀላም፤ ከሰል ካልቀላ መጥረቢያ አይመታም፤ መጥረቢያ ካልተመታ ቅልጥም አይፈለጥም፤ ቅልጥም ካልተፈለጠ ውሻ አትነሳም፤ ውሻ ካልተነሳች ጭድ አይወጣም፤ ጭድ ካልወጣ ሻሼን ይበርዳታል።

ጫማ ሰፊው ቸርነት ደግሞ ማነው እምቢ ያለው ብሎ ተቆጣ። ቆዳ አለው፣ ክር አለው፣ ሰም ነው ያጣው። ክር በሰም ካልታሸ ወናፉ እንደገና ይተነፍሳል፣ ሽማግሌውም እንደገና ይሰድቡኛል አለ። ሰም ያላቸው እማሆይ ሥርጉት ብቻ ናቸው። ፀሐይ አናታችን ላይ ደርሳለች። እኔ ስሮጥ ጋቢዬ ውስጥ ያለችው ሆዷን እኔ ላይ አጣብቃ ትንቀጠቀጣለች። ጌታ ሆይ፣ ዛሬን ብቻ አልኩ። ሰም ካልተገኘ ክር አይታሽም፤ ክር ካልታሸ ወናፍ አይሰፋም፤ ወናፍ ካልተሰፋ ከሰል አይቀላም፤ ከሰል ካልቀላ መጥረቢያ አይመታም፤ መጥረቢያ ካልተመታ ቅልጥም አይፈለጥም፤ ቅልጥም ካልተፈለጠ ውሻ አትነሳም፤ ውሻ ካልተነሳች ጭድ አይወጣም፤ ጭድ ካልወጣ ሻሼን ይበርዳታል።

እማሆይ ሥርጉት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች ፀሐይ የማያገኛት ጎጆ ጧፍ ይሠራሉ። ሰሙ በጨርቅ ተቋጥሮ ፊታቸው ተቀምጧል፤ ቋጠሮውም ጠብቋል። የእሳቸውን ድርሻ ሊሰጡኝ ፈቃዳቸው ነው። ግን ከታቦቱ ሰም ጋር አብሮ የተቋጠረ ስለሆነ ሌላ ሰው እንዳያስነኩት ስእለት አለባቸው። ጣታቸው ደግሞ ከሌሊቱ ኪዳን ጀምሮ በብርድ ደርቆ አልታጠፍ ብሏል። ማገዶም የላቸው። እንግዲህ አለቀ ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ጣት ካልሞቀ ቋጠሮ አይፈታም፤ ቋጠሮ ካልተፈታ ሰም አይገኝም፤ ሰም ካልተገኘ ክር አይታሽም፤ ክር ካልታሸ ወናፍ አይሰፋም፤ ወናፍ ካልተሰፋ ከሰል አይቀላም፤ ከሰል ካልቀላ መጥረቢያ አይመታም፤ መጥረቢያ ካልተመታ ቅልጥም አይፈለጥም፤ ቅልጥም ካልተፈለጠ ውሻ አትነሳም፤ ውሻ ካልተነሳች ጭድ አይወጣም፤ ጭድ ካልወጣ ሻሼን፣ እኔ ሻሼን ስል፣ «ዊክ» አለች።

እማሆይ ቀና አሉ። «ምንድን ነው እቅፍህ ውስጥ የሚያለቅሰው?»

ደነገጥኩ። የማይበላ እንስሳ ይዤ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር መምጣቴ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ይፍቱኝ እማሆይ ብዬ ጋቢዬን ገለጥኩ፤ ውርጩንም፣ አምና የሞቱትንም፣ ይርገዱ ያለችኝንም ነገርኳቸው።

«እግዚአብሔር አትብላት አለ እንጂ አታሙቃት አላለም። ወዲህ አምጣት» አሉ።

ጭናቸው ላይ አስቀመጥኳት። የደረቁ ጣቶቻቸውን ከሆዷ ሥር አስገቡ። ሻሼ ምድጃ ናት፤ ይህን የማያውቅ ሰው «አይጥ» ብሎ ይጥራት። እማሆይ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ቀጥሎ «ይኼ ውስጧ የሚራገጠው ልጅ ነው?» ብለው ሳቁ። አንድ አባታችን ሆይ ደግሜ ሳልጨርስ ጣታቸው ቀላ፣ ታጠፈ፣ ተዘረጋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እግሬ ነው የሚያውቀው። ጣት ቢሞቅ ቋጠሮ ተፈታ፤ ቋጠሮ ቢፈታ ሰም ተገኘ፤ ሰም ቢገኝ ክር ታሸ፤ ክር ቢታሽ ወናፍ ተሰፋ፤ ወናፍ ቢሰፋ ከሰል ቀላ፤ ከሰል ቢቀላ መጥረቢያ ተመታ፤ መጥረቢያ ቢመታ ቅልጥም ተፈለጠ፤ ቅልጥም ቢፈለጥ ውሻ ተነሳች፤ ውሻ ብትነሳ ጭድ ወጣ። ጋሼ ሸዋቀና አንድ እቅፍ ጠይቄያቸው ሁለት አሸከሙኝ። ለቡችሎቹም በቂ ትቻለሁ፤ እናት ናት።

ቤት ስደርስ ይርገዱ አፈር ነፍታ፣ ውሃ ቀድታ ትጠብቃለች። ጭዱን ከጭቃው አቦካነው፤ በእግራችን ረግጠን፣ እሷ የራስጌውን እኔ የሳጥኑን ስንጥቅ መረግን። ሳጥኑን ከወለሉ በድንጋይ ከፍ አደረግን፣ በጆንያ ዙሪያውን ሸፈንን፣ ውስጡን በጭድ ሞላነው። ቆሎ ዘልሎ ገባና ጠፋ፤ አፍንጫው ብቻ ቀረ። ሻሼ ቀስ ብላ ገብታ፣ ዞር ዞር ብላ፣ ጉድጓድ ሠርታ ተኛች። ይርገዱ ክንዷን እስከ ብብቷ አስገብታ ዳሰሰችና «ማሙሸት፣ ከእኛ አልጋ ይሞቃል» አለች።

ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ሳጥኑ ውስጥ አራት ነበሩ። አራቱም ፀጉር የለበሱ፣ አራቱም ዓይናቸው የበራ፣ አራቱም የሚጮሁ። ይርገዱ እንደ ወለደች ሴት ፊቷ በራ፤ እኔም ተመስገን አልኩ። ደጀኔ ሥጋ ቤቱን ዘግቶ ሊያያቸው መጣ፤ ሲወጣ ግን በየደጁ «የማሙሸት አይጦች ጭድ ተነጥፎላቸው ወለዱ» እያለ አወራ። መንደሩ ቀኑን ሙሉ ሳቀብን።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ የማላውቀው ሰው ደጃችን ቆመ። ጋቢ የለውም፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። የእግዜር እንግዳ ነኝ አለኝ። ግባ አልኩት፤ ይርገዱ ምድጃው አጠገብ መደብ ለቀቀችለት። ሲሞቀው፣ እታች ያን ሁሉ ቤት አልፈህ እንዴት ከዳገት ላይ ያለነው ጋ መጣህ ብዬ ጠየቅሁት።

«ሰዎቹ ሲስቁባችሁ ሰማሁ» አለኝ፤ «ለአይጥ ጭድ የሚያነጥፍ ቤት ሰውን ደጅ አያሳድርም ብዬ ነው የመጣሁት።»