ጓንጉል አገር ሲያማርጥ

ለጠላት ያሰበው ብልጠት በገዛ ቤቱ ላይ የወደቀበት ሰው ሲያጋጥማቸው፣ የእኛ ቆላ ሰዎች አንዲት ቃል ወርወር አድርገው ዝም ይላሉ። ዛሬ የምትባለው በሳቅ ነው፤ የመጣችው ግን ከሳቅ ቤት አይደለም።

ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበር፤ እንቆቅልሽ ፈጣሪ። ሌላው ሰው ከአያቱ የሰማውን ሲደግም፣ እሱ እርፍ እንደ ጨበጠ አዲስ ሲያወጣ ይውላል። ሰርግ ቤት ሲገባ ሰው ጠጁን ትቶ የእሱን አፍ ያያል። የተሸነፈው እንደ ወጉ አገር ሲሰጠው ደግሞ ቶሎ አይቀበልም፤ አንዱን ብርዳም፣ አንዱን ወባማ እያለ ሲያማርጥ ሰውን በሳቅ ይፈጃል። እውነቱን ለመናገር፣ ከእርሻውም ከሚስቱም ይልቅ የሚወደው ይህን ነበር።

ዝናብ በቀረበት ዓመት ሌባ ጎተራ መስበር ጀመረ። ጓንጉል ሚስቱን አትጠገብን ከነልጆቿ ወላጆቿ ዘንድ ሰደደና፣ ብቻውን ጉድጓድ ቆፍሮ ማሽላውን ቀበረ። ለጊዜው የምትበቃ ጥቂት እህል ብቻ ቤት ውስጥ አስቀረ። ሚስቱ ተመልሳ ማሽላው የት እንደገባ ብትጠይቀው ፊቱ በራ።

«እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልህ።»

«ቀን ወና፣ ማታ ሙሉ።»

ሌባ ይዞ ቢገርፋት እንኳ የማታውቀውን አታወጣም ብሎ ነው። እሷም የተለመደ ጨዋታው ነው ብላ ተወችው።

እኔ እንደ እሱ አላስጨንቃችሁም፤ መልሱ በረት ነው። ከብቱ ቀን ይሰማራል፣ ማታ ይገባል። ጉድጓዱን የቆፈረው በረቱ መካከል፣ ከእበቱ ሥር ነበር። ድርቁ ሲገፋ ግን ከብቱ አለቀ፤ የበረቱም አጥር ለማገዶ ተነቀለ። ቀንም ወና፣ ማታም ወና ሆነ። ጓንጉል ይህን በዓይኑ እያየ እንቆቅልሹን አልለወጠውም።

የቤቱ እህል ሲያልቅ ንዳድ ጣለው። አትጠገብ አጠገቡ ተቀምጣ፣ አላወቅሁም፣ ተሸንፌያለሁ፣ ንገረኝ አለችው። በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆኖ ፈገግ አለ።

«እንግዲያ አገር ስጪኝ።»

«ጎንደርን ሰጠሁህ።»

«ሩቅ ነው። ለበሽተኛ አይሆንም።»

«ሐረርን ውሰድ።»

«ሐረር ማን ዘመድ አለኝ? ሌላ።»

«ጓንጉል፣ ልጆቹ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። የፈለግኸውን አገር ውሰድ።»

«ቆይ፣ ልምረጥ» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። እንደ ጨፈነም ቀረ። የሚሞት አልመሰለውም ነበር ይላሉ የሚያዝኑለት። እኔ አላዝንለትም።

አትጠገብ ከቀብር መልስ መደቡን አፈረሰች፤ ቀን ባዶ፣ ማታ ሙሉ መኝታ ነዋ። ጎረቤት አግዟት የቤቱን ወለል ገለበጡት፤ ምድጃውንም ቆፈሩት። በረቱን ማንም አላሰበውም፤ አጥር የሌለው ባዶ መሬት ነበር። ትንሹ ልጅ በረሃብ ሞተ። እሷም የተረፉትን ይዛ ሰው ቤት ለማገልገል ወጣች።

ዝናብ ሲመለስ ያ ባዶ መሬት ተደረመሰ። ሰው ሁሉ መጥቶ ቆመ። ማሽላው ጠቁሮና ሸቶ ጉድጓዱን እስከ አፉ ሞልቶታል። ተልኮባት አትጠገብም መጣች። አላለቀሰችም፤ አንድ እፍኝ ዘግና አየችና መልሳ ጣለችው። ከቆሙት አንዱ፣ ነፍሱን ይማረውና ጓንጉል ምን ያለ ብልህ ሰው ነበር፣ ስንት ሌባ በላዩ ተመላልሶበት አላገኘውም ሲል ተደነቀ። ትንሹን ልጅ በእጃቸው የቀበሩት ሽማግሌ፣ አያ ይርዳው፣ ዘወር ብለው አዩት።

«አዎን» አሉ፤ «ከሌባ ሲሸሽግ፣ ከልጁ ሰረቀ።»