ጨረቃን እበላለሁ ያለው ጅብ

ተረት ልንገራችሁ? እንግዲያው አፉ ለኔ፣ ጆሮው ለናንተ።

ድሮ ድሮ፣ ደመናና ነፋስ አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ አንድ ሆዳም ጅብ ነበረ። አንድ ቀን ዋሻው ውስጥ ተጋድሞ ሳለ ጉጉት ለልጆቿ ስታወራ ሰማ።

«ዛሬ ማታ ጨረቃን ግርዶሽ ይይዛታል። ትጠቁራለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትፈካለች።»

አያ ጅቦ ከደስታው ብዛት የገዛ ጅራቱን ነከሰ። በሩጫ ወደ እንስሳቱ ሄደና፣ «ስሙኝ! እመት አህዪትን ካልሰጣችሁኝ ዛሬ ማታ ጨረቃን ቅርጥፍ አድርጌ እበላታለሁ!» አለ።

እንስሳቱ ተጨነቁ። ጨረቃ ከሌለች ጥንቸል በምን ብርሃን ትግጣለች? አጋዘንስ እንዴት ውሃ ትወርዳለች? እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ሁሉም አህያን አዩ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አለች አህያ። ከዚያም ወደ ጅቡ ዞረች። «እሺ አያ ጅቦ። ግን እኔ ያላየሁትን አላምንም። ስትበላት ልይና በገዛ እግሬ አፍህ ውስጥ እገባለሁ።»

ጀምበር ስትጠልቅ ሁሉም ጉብታው ላይ ወጡ። ጨረቃ ብቅ አለች። ወዲያው አንዲት ወፍራም ደመና መጥታ ፊቷ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«እመት ደመና፣ እባክሽ ፈቀቅ በይልኝ» አለ ጅብ።

«ውሃ ተሸክሜ ከሩቅ መምጣቴ ነው፤ ወገቤን ላሳርፍ።»

ጅብ ምን ያድርግ? ባዶ አፉን እያላመጠ፣ «ይኸው እየበላኋት ነው!» አለ።

«አልታየንም» አሉ እንስሳቱ።

ደግሞ ለመነ። «እሜቴ፣ በእናትሽ!»

«እንቅልፌ መጣ» አለች ደመና። ስታዛጋ ጫፏ ቀደድ ቢል፣ ግማሽ ፊቷ የጠቆረ ጨረቃ ለጅቡ ታየችው።

«ያውና! ያውና!» ሲል ሁሉም ቀና አሉ። ደመና ግን ተገጣጥማ ነበር።

«አልታየንም።»

በሦስተኛው ጅብ ሸለቆ ወርዶ የተኛውን ነፋስ ቀሰቀሰው። «አያ ነፋስ፣ ደመናን ግፋልኝ!»

«በመጀመሪያ ጀርባዬን እከክልኝ።»

የነፋስ ጀርባ ወዴት ነው? ጅብ ባዶ አየር ያክ ጀመር። «ከፍ በል! ዝቅ በል! ኧረ ወደ ግራ!» እየተባለ ክንዱ እስኪዝል አከከ። ነፋስ ሲበቃው ተነሥቶ «እፍ!» አለ። ደመና እያጉረመረመች ሄደች።

ጅብ እያለከለከ ጉብታው ላይ ወጣና፣ «አሁን እዩ! ውጬ ጨረስኳት!» ብሎ ጮኸ።

ቀና ቢሉ ጨረቃ ሙሉ ክብ ሆና፣ እንደ ነጠረ ቅቤ እያብረቀረቀች ቁልቁል ታያቸዋለች። ግርዶሹ አልፎ ኖሯል።

«አያ ጅቦ፣ የዋጥካት የትኛዋን ነው?» አለች አህያ።

ጅብ ጨረቃን አየ፤ አህያን አየ፤ ምራቁን ዋጠ።

«ተፋኋት» አለ። «አልጣመችኝም።»

አህያ ማናፋት ጀመረች፤ ሌሎቹ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ጅብም ሆዱ እየጮኸ፣ ባላመጠው አየር መንጋጋውን እያመመው ወደ ዋሻው ገባ።

ለዚህ ነው ሰው፣ «ባልሠራው ሥራ የፎከረ፣ ጦሙን አደረ» የሚለው።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ለደረቀው ጉሮሮዬ ጠላ ቅዱ።